ስለ ጠፉ መጻሕፍት ናፍቆት

ላሙ የሞተችበት ሰው ስለ እርስዋ ሲያወራ ወተትዋ ሁልጊዜ ከማሰሮው አፍ ይተርፋል። በሕይወት ሳለች የነጠፈችበትን ወራት፣ አላቢውንም የረገጠችበትን ቀን አያነሣም። የሰው ልብ ለጠፋ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። በመደርደሪያ ላይ ያለው መጽሐፍ ጕድለቱ ይታወቃል፤ ገጹን የገለጠ ሁሉ ይመዝነዋልና። የጠፋውን ግን ማንም ሊመዝነው ስለማይችል፣ እያንዳንዱ ሰው ልቡ የወደደውን ቃል ይጽፍበታል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር በተማሪዎችና በከተማ ሰዎች መካከል እየበዛ የሄደ አንድ ወሬ ነው። ይኸውም፦ እውነተኛው ወንጌል ተሰውሮአል፤ አባቶች ያልወደዱትን መጽሐፍ አቃጥለዋል፤ ዛሬ በእጃችን ያለው ተቈርጦ የቀረው ነው የሚል ነው። ይህን የሰማ ወጣት ሁለት ዓይነት ጕዳት ያገኘዋል። አንዱ የያዘውን መጽሐፍ ይጥልና ያላየውን ሲጠብቅ ይኖራል። ሁለተኛውም ከፍርሃት የተነሣ የጥንት ጽሑፍ ሁሉ ወጥመድ ይመስለውና ከትምህርት ይሸሻል። ስለዚህ የጠፉትን የጠቢባን መጻሕፍትና የጠፉትን የሃይማኖት መጻሕፍት ጐን ለጐን አድርገን፣ እነዚህ ሁለቱ ልብን የሚስቡበት መንገድ እንዴት እንደሚለያይ እንመርምር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ከግሪክና ከሮም መጻሕፍት እንጀምር። አይስኪሎስ የተባለው የአቴና ባለ ቅኔ ከሰባ የሚበልጡ የቲያትር ድርሰቶች እንደ ጻፈ ይነገራል፤ እስከ ዛሬ ሙሉ ሆነው የቈዩት 7 ብቻ ናቸው። ሶፎክሊስ ከ120 በላይ ጽፎ ለእርሱም 7 ብቻ ቀርተውለታል። ሊዊዎስ የተባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ የአገሩን ታሪክ በ142 መጻሕፍት ከፋፍሎ ሲጽፍ፣ ለእኛ የደረሱት 35 ናቸው። ሳፎ የተባለችው ባለ ቅኔ በጥንት ዘመን እጅግ የተመሰገነች ስትሆን፣ ከቅኔዎችዋ ሙሉ ሆኖ የቈየ የሚባለው አንድ ብቻ ነው፤ የቀረው ቍርጥራጭ ነው።

ስለዚህ ጥፋት የተጠየቀ ሰው ሁሉ ወዲያው የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ቃጠሎ ያነሣል። በ48 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ዩልዮስ ቄሣር በእስክንድርያ ሲዋጋ እሳት ተነሥቶ መጻሕፍት እንደ ተቃጠሉ የጥንት ጸሐፊዎች ተርከዋል። ነገር ግን መጻሕፍትን ከእሳት ይልቅ የገደላቸው ዝምታ ነው። የጥንት መጽሐፍ የተጻፈው ከደንገል በተሠራ ክርታስ ላይ ነበር፤ ደንገልም እንደ ግብፅ ምድረ በዳ ባለ ደረቅ ስፍራ ካልሆነ በቀር በእርጥበት ይበሰብሳል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ በሕይወት ይኖር ዘንድ በየትውልዱ እየተቀመጠ የሚገለብጠው ሰው ያስፈልገው ነበር። መምህር ለተማሪዎቹ ያልመረጠውን፣ አንባቢም ያልጠየቀውን መጽሐፍ ማንም ገንዘብ አውጥቶ አላስገለበጠውም። ከጥቅልል ወደ ጥራዝ በተዛወሩ ጊዜም ወደ አዲሱ ጥራዝ ያልተሸጋገረው ከጥቅልሉ ጋር አለቀ። ከኤውሪጲዴስ ድርሰቶች ከባልንጀሮቹ ይልቅ ብዙ የተረፈለት፣ በፊደል ተራ ከተደረደሩት ድርሰቶቹ አንዱ ክፍል በአጋጣሚ ስለ ተገኘ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ መጻሕፍት የሚበዙት ማንም ጠላት ሳይነሣባቸው፣ የሚያነባቸው ሰው ስላነሰ ብቻ ጠፉ።

የተማረ ሰው ስለ እነዚህ ያዝናል። ኀዘኑም ንጹሕ ኀዘን ነው፤ ውበትን ወይም ዕውቀትን ስላጣ ያዝናል እንጂ ማንንም አይከስም። የአቴና ሹማምንት የሶፎክሊስን ድርሰት ከእኔ ሸሸጉ ብሎ የሚቈጣ ሰው አላየንም።

በዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1 ቆሮንቶስ 15፥33 ስለ ክፉ ባልንጀርነት የጠቀሰው ቃል ሜናንድሮስ ከተባለ የግሪክ ቀልደኛ ባለ ቅኔ ድርሰት የሚገኝ ነው፤ ያ ድርሰት ጠፍቶአል። ለቲቶ 1፥12 ላይ ስለ ቀርጤስ ሰዎች የጠቀሰውም ኤጲሜኒዴስ የተናገረው እንደ ሆነ የጥንት አባቶች መስክረዋል፤ የኤጲሜኒዴስም መጽሐፍ የለም። ሐዋርያው ከአሕዛብ ባለ ቅኔ እውነት ያገኘበትን ቃል ለማንሣት አላፈረም። መጻሕፍቱም ሲጠፉ የተነሡት ቃላት በመልእክቱ ውስጥ ተረፉ።

ሜናንድሮስን ካነሣን አይቀር፣ ስለ እርሱ የሆነውን መናገር ይገባል። የጥንት ሰዎች ይህን ባለ ቅኔ እጅግ አድርገው ስላመሰገኑት፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ብዙ መቶ ዓመት ስሙን በናፍቆት ሲጠሩ ኖሩ። በ1958 ዓ.ም. ከግብፅ በተገኘ የደንገል መጽሐፍ ስለ አንድ ቍጡ ሽማግሌ የሚናገረው ድርሰቱ ከጥቂት ጕድለት በቀር ሙሉ ሆኖ ታተመ። ድርሰቱ መልካም ነው፤ ያስቃልም። ነገር ግን ካነበቡት አንዳንዶቹ ይህን ያህል ዘመን የናፈቅነው ይህን ነውን? አሉ። ጥፋቱ የሜናንድሮስ አልነበረም። እርሱ አንድ መልካም ድርሰት ጻፈ፤ ናፍቆት ግን ከማንም ሰው ብዕር የማይወጣ መጽሐፍ ሠርቶ ሲጠብቅ ነበር።

ወደ ሃይማኖት መጻሕፍት በተመለስን ጊዜ ግን የናፍቆቱ መልክ ይለወጣል። በዚያ ኀዘን የነበረው በዚህ ጥርጣሬ ይሆናል። ሰው መጽሐፉ ጠፋ አይልም፤ ደበቁት ይላል እንጂ። ስለ ምን እንዲህ ሆነ? የሶፎክሊስ ድርሰት ቢገኝ ባይገኝ ነፍሴ በፍርድ ቀን የምትቆምበትን ስፍራ አይለውጠውም። የእግዚአብሔር ቃል የተባለ ነገር ግን ሕይወቴን ሁሉ ይነካል። ስለዚህ የዚህ ናፍቆት ሥሩ ክቡር ነው፤ ሰው አምላኩ የተናገረውን ሳያስቀር መስማት ይፈልጋልና። ዳሩ ግን ከዚህ ክቡር ሥር አጠገብ ሁለት እንግዳ አረሞች ይበቅላሉ። አንዱ ጎረቤቴ የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ የማለት ትምክሕት ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይረቃል፤ ይኸውም፣ በእጄ ያለው መጽሐፍ ጠላትህን ውደድ፣ ዕዳህን ክፈል፣ ምላስህን ግታ ብሎ ስለሚያስቸግረኝ፣ ምናልባት የተሰወረው መጽሐፍ ከዚህ የቀለለ ትእዛዝ ይኖረው ይሆናል የሚል የልብ ተስፋ ነው። ይህን ተስፋ በአፉ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ በልቡ የሚይዘው ግን ብዙ ይመስለናል።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስለ ጠፉ መጻሕፍት ምን እንደሚል እስቲ እንመልከት። በዘኍልቍ 21፥14 የእግዚአብሔር የጦርነት መጽሐፍ ተጠቅሶአል። በኢያሱ 10፥13 እና በ2 ሳሙኤል 1፥18 የያሻር መጽሐፍ ተነሥቶአል። በ1 ነገሥት 11፥41 የሰሎሞን ሥራ የተጻፈበት የታሪክ መጽሐፍ አለ፤ በ1 ዜና መዋዕል 29፥29 ደግሞ የሳሙኤል፣ የናታንና የጋድ ጽሑፎች ተቈጥረዋል። ጳውሎስም በ1 ቆሮንቶስ 5፥9 አስቀድሞ የጻፈውን ሌላ መልእክት ያስታውሳል፤ በቈላስይስ 4፥16 ከሎዶቅያ የሚመጣውን መልእክት እንዲያነቡ ያዝዛል። ከእነዚህ አንዱም ዛሬ በእጃችን የለም። መጽሐፍን ለመሰወር የሚፈልግ ሰው ስሙንና ምዕራፉን አይጽፍልህም። ወንጌላዊው ዮሐንስም በምዕራፍ 20፥30 እና በ21፥25 ጌታ ያደረገው ሁሉ እንዳልተጻፈ በግልጥ ይናገራል። ሁሉን ጽፌያለሁ አላለም፤ ለእምነት የሚበቃውን ጻፍሁ አለ እንጂ።

ብዙ ሰው ቅዱሳት መጻሕፍትን የመረጠ ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ነው፤ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ የቀሩት ተጣሉ ይላል። ይህ ሐሰት ነው። በኒቅያ የተደነገጉት 20 ቀኖናዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ የመጻሕፍት ዝርዝር በውስጣቸው የለም። ዛሬ የምናነባቸውን 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በስም ቈጥሮ የምናገኘው የመጀመሪያው ዝርዝር የእስክንድርያው አትናቴዎስ በ367 ዓ.ም. በጻፈው የፋሲካ መልእክት ውስጥ ነው። እርሱም አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ዘመን ሲያነቡት የኖሩትን መሰከረ እንጂ በአንድ ሌሊት አዲስ ነገር አልፈጠረም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ወደሚቀርበው ታሪክ እንምጣ፤ ስለ መጽሐፈ ሄኖክ ማለታችን ነው። የይሁዳ መልእክት በቍጥር 14 እና 15 የሄኖክን ትንቢት ይጠቅሳል። የአውሮፓ ሊቃውንትም ይህን እያነበቡ መጽሐፉ ወዴት ሄደ? ብለው ይጠይቁ ነበር። ከጥንት አባቶች ጠርጡልያኖስ ሲደግፈው አውግስጢኖስ ግን አልተቀበለውም ነበርና፣ በዚያ በኩል የሚገለብጠው ሰው ታጣ፤ በጽርእ ቋንቋ ከጥቂት ክፍል በቀር አልተገኘም።

በ17ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ፔይሬስክ የተባለ መጻሕፍት ወዳድ ሊቅ ነበረ። የሄኖክ መጽሐፍ በግዕዝ ቋንቋ ተጽፎ እንደሚገኝ ከአንድ መነኵሴ ሰማ፤ ልቡም ዕረፍት አጣ። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ከግብፅ አንድ የግዕዝ ብራና አስመጣና የተመኘሁትን አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። እርሱ በ1637 ዓ.ም. ሞተ፤ ብራናውም በኋላ በፓሪስ ወደ ንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ገባ። ብዙ ዓመት ቈይቶ፣ ግዕዝን ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ያጠና ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ወደ ፓሪስ ሄዶ ያን ብራና ገለጠ። ሄኖክ አልነበረም። መጽሐፈ ምሥጢረ ሰማይ ወምድር የሚባል፣ በኃይለ ሚካኤል የተባለ ሰው የጻፈው ሌላ መጽሐፍ ነበር። ፔይሬስክ ግዕዝ ማንበብ ስላልቻለ የናፈቀውን ስም በያዘው ብራና ላይ ለጠፈ። እኛም በዚህ ልንስቅበት አይገባንም፤ ሳያነብቡ ስም መለጠፍ ዛሬም አላለቀምና።

ከዚህ በኋላ ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በጐንደር ተቀመጠ፤ በ1773 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ አንዱን ለራሱ አስቀረ። እንግዲህ ብዙ መቶ ዓመት የተናፈቀው መጽሐፍ ሲገኝ ሊቃውንቱ ሁሉ በአንድ ቀን ተሽቀዳድመው ያነበቡት ይመስልሃልን? አይደለም። ሪቻርድ ሎረንስ የተባለው መምህር ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው በ1821 ዓ.ም. ነው። በኦክስፎርድ መደርደሪያ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ ሳይተረጐም ተቀመጠ። በጠፋ ጊዜ ሁሉ የፈለገው፣ በተገኘ ጊዜ ብዙዎች ዘነጉት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የሚለው የአገራችን ምሳሌ በኦክስፎርድም ይሠራል ማለት ነው።

ደግሞ ይህን አስተውል። መጽሐፈ ሄኖክ የጠፋው ለአውሮፓ ነበር እንጂ ለኢትዮጵያ ጠፍቶ አያውቅም። ሊቃውንቱ በሕልማቸው ሲፈልጉት ሳለ፣ በአገራችን ገዳማት ቍም ጸሐፊው ፍየል ቆዳ ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ 108ቱን ምዕራፍ ይገለብጥ ነበር። ያ ጸሐፊ የጠፋ መጽሐፍ እያተረፈ እንደ ሆነ አላወቀም። መምህሩ ያዘዘውን ሥራ ይሠራ ነበር እንጂ። መጽሐፈ ኩፋሌም በተመሳሳይ መንገድ ሙሉ ሆኖ የቈየው በግዕዝ ነው። በ1947 ዓ.ም. በሙት ባሕር አጠገብ በቍምራን ዋሻዎች የጥንት ጥቅልሎች መገኘት ጀመሩ፤ በ1952 ዓ.ም. አራተኛው ዋሻ ሲገለጥ በአራማይስጥ ቋንቋ የተጻፉ የሄኖክ ቅጂዎች ቍርጥራጭ ወጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉት እነዚያ ቍርጥራጮች ከግዕዙ ጋር ሲተያዩ፣ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ምንም እንኳ በዚያ ባይገኝ፣ የግዕዙ መጽሐፍ ከጥንታዊ ምንጭ የመጣ መሆኑ ታወቀ። ይህን መጽሐፍ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አንዱ ጋር ትቈጥረዋለች፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከቀኖና አያስገቡትም። ያን ክርክር በዚህ አናነሣውም፤ ጠብቆ ላቆየው ግን ሁሉም ምስጋና አለበት።

የናፍቆት ገበያ ባለበት ስፍራ ግን ሐሰተኛ ነጋዴ አይታጣም። ጳውሎስ በሕይወቱ ሳለ እንኳ በስሙ የሐሰት መልእክት እንዳይመጣባቸው ተሰሎንቄዎችን በ2 ተሰሎንቄ 2፥2 አስጠንቅቆአል፤ በምዕራፍ 3፥17 ደግሞ የእጁን ጽሕፈት ምልክት አድርጎ ሰጥቶአቸዋል። ከእርሱ በኋላ ያ የሎዶቅያ መልእክት ስለ ጠፋ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ራሱ ጻፈው። ያም ጽሑፍ 20 ቍጥር ብቻ ያለው፣ ከፊልጵስዩስና ከሌሎች መልእክታት ቃል በቃል የተለቃቀመ ነው። ሄሮኒሞስ ሁሉ የጣለው ጽሑፍ ነው ብሎ መስክሮ ሳለ፣ በ546 ዓ.ም. በተጻፈ የታወቀ የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ስለ ሐሰቱ የሚያስገርመው አንድ ነገር፣ ክፉ ትምህርት እንኳ የሌለው ባዶ መሆኑ ነው። ቀዳዳውን ለመሙላት ብቻ ተሠራ።

በ1751 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን ጄከብ አይሊቭ የተባለ አታሚ የያሻር መጽሐፍ በፋርስ አገር ተገኘ ብሎ የራሱን ፈጠራ አሳተመ። ያ ጽሑፍ ሐሰት መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ በ1829 ዓ.ም. በብሪስቶል እንደ አዲስ ነገር እንደ ገና ታተመ። በ1894 ዓ.ም. ኒኮላይ ኖቶቪች የተባለ የሩስያ ሰው በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጌታችን ኢየሱስ በወጣትነቱ በህንድ አገር እንደ ተማረ የሚናገር ጽሑፍ በላዳክ በሄሚስ ገዳም አገኘሁ አለ። መጽሐፉም እጅግ ተሸጠ። በሚመጣው ዓመት በ1895 ዓ.ም. በአግራ ያስተምር የነበረ ዳግላስ የተባለ መምህር ወደ ገዳሙ ወጥቶ አለቃውን ጠየቀው፤ አለቃውም እንዲህ ያለ መጽሐፍ በገዳሙ እንደሌለ መለሰለት። መንገዱ አስቸጋሪ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ ሄደና ጠየቀ፤ ነገሩም በዚያ አለቀ። አለቀ ማለታችን ለሚያስተውሉ ነው፤ ያ ተረት እስከ ዛሬ እየታተመ ይሸጣልና።

በቅርብም በ2012 ዓ.ም. በሮም በተደረገ የሊቃውንት ስብሰባ ላይ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈች፣ ጌታችን ሚስት እንደ ነበረው ታስመስላለች የተባለች አንዲት ትንሽ የደንገል ቍራጭ ቀረበች። ወሬዋ ዓለምን ሞላ። መርማሪዎች ቃሎችዋን ሲመረምሩ ከቶማስ ወንጌል የተለቃቀሙ ሆነው ተገኙ፤ በኢንተርኔት በወጣ አንድ እትም ላይ የነበረው የጽሕፈት ስሕተት እንኳ ሳይቀር ተቀድቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የቍራጭዋ አመጣጥ ሲገለጥ፣ ያቀረበችው መምህርት ራስዋ ሐሰት መሆንዋ እንደሚያመዝን ተቀበለች። ወሬው በሰማበት ጆሮ ሁሉ ማስተባበያው ገብቶአልን? አልገባም። ስለዚህ፣ ወንድሜ ሆይ፣ አዲስ የተገኘ መጽሐፍ ተብሎ ሲነገርህ፣ ማን አገኘው? ወዴት አገኘው? ብራናውን ወይም ክርታሱን ሌሎች እንዲመረምሩት ሰጥቶአልን? ብሎ መጠየቅ ክህደት አይደለም። ባልንጀራህ ላይ ክስ ሲቀርብ ምስክር ትጠይቃለህ፤ በጌታህ ላይ ሲነገር ሳትጠይቅ የምትቀበለው ስለ ምን ነው?

ነገር ግን የተገኘ ሁሉ ሐሰት አይደለም። እውነተኛ ሆነው ከተገኙት መካከል ሁለቱን ማነጻጸር የናፍቆታችንን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ያሳያል።

ሄሬኔዎስ በ180 ዓ.ም. ገደማ ስለ መናፍቃን ሲጽፍ የይሁዳ ወንጌል የሚባል ጽሑፍ እንዳለ ተናግሮ ነበር። ይህ ጽሑፍ በቅብጥ ቋንቋ በግብፅ ተገኝቶ በ2006 ዓ.ም. ታተመ፤ ጋዜጦችም ሁሉ ጮኹ። ከመታተሙ በፊት የደረሰበትን መናገር ያሳዝናል። ነጋዴዎቹ በ1983 ዓ.ም. በጄኔቫ 3 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ጠየቁበት። ያን የሚከፍል ስላጡ፣ በኒው ዮርክ አጠገብ በአንድ ባንክ ሣጥን ውስጥ 16 ዓመት ተቈለፈበት፤ በኋላም አንድ ገዢ በበረዶ ሣጥን አኖረው። ከ1500 ዓመት በላይ በግብፅ ምድር የጸና መጽሐፍ በጥቂት ዓመት የገንዘብ ፍቅር እንደ ደረቀ ቅጠል ፈረፈረ። በመጨረሻ ሲነበብ ምን ተገኘበት? ስለ ዘመናትና ስለ መላእክት ብዛት የሚናገር፣ ይህን ዓለም የፈጠሩ ከልዑል አምላክ በታች ያሉ ኃይላት ናቸው የሚል፣ በሌሎች ሐዋርያት ላይ የሚሳለቅ ትምህርት ነው። ስለ ጥንት መናፍቃን ለሚያጠና ሰው ታላቅ ጥቅም አለው። ስለ አስቆሮቱ ይሁዳ አዲስ ታሪክ ለሚፈልግ ግን የሚሰጠው ምንም የለም። በ1945 ዓ.ም. በናግ ሐማዲ አጠገብ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ስለ ተገኘው ስለ ቶማስ ወንጌልም እንዲሁ ማለት ይቻላል። ከ114 አባባሎቹ ብዙዎቹን ከማቴዎስና ከሉቃስ ታውቃቸዋለህ። ይህ ወንጌል ሴቶችን ያከብር ነበርና ሰወሩት ለሚል ሰው፣ የመጨረሻውን አባባል እንዲያነብ እንመክረዋለን፤ ሴት ወደ መንግሥት የምትገባው ወንድ ስትሆን ነው ይላልና።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። የጥንት አባቶች አውሳብዮስና አትናቴዎስ ትምህርተ ሐዋርያት የሚባል ትንሽ መጽሐፍ ያነሡ ነበር፤ አትናቴዎስም ከቀኖና ባይቈጥረው ለአዲስ አማኞች እንዲነበብ ይፈቅዳል። ይህ በአገራችን ዲድስቅልያ ከሚባለው ጋር በስም ቢቀራረብም ሌላ መጽሐፍ ነው። ጠፍቶ ሳለ በ1873 ዓ.ም. ፊሎቴዎስ ብሪዬኒዮስ የተባለ የግሪክ ካህን በቍስጥንጥንያ በአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ በ1056 ዓ.ም. በተጻፈ ብራና ውስጥ አገኘው፤ በ1883 ዓ.ም. አሳተመው። በውስጡ ምን አለ? የሕይወት መንገድና የሞት መንገድ ሁለት ናቸው ይላል። ሕፃንን በማኅፀን አትግደል ይላል። ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ይላል፤ ይህን ሲያነብ አገሩ የማይመስለው ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ነቢይ ነኝ ብሎ የሚመጣውን እንግዳ ተቀበሉት፤ ሦስት ቀን ከተቀመጠ ግን ሐሰተኛ ነው፤ ገንዘብ ከጠየቀም ሐሰተኛ ነው ይላል። እንግዳው በመካከላችሁ መኖር ቢወድ በእጁ ይሥራ ይላል።

ከጥንት ክርስቲያኖች ኑሮ ይህን ያህል የሚያሳየን ጽሑፍ ጥቂት ነው። ነገር ግን በከተማ ስለ ትምህርተ ሐዋርያት የሚከራከር ተማሪ አይተሃልን? ስለ ይሁዳ ወንጌል የሰሙ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ የሰሙ ግን ጥቂት። ሁለቱም ጠፍተው ነበር፤ ሁለቱም ተገኙ። አንዱ ምሥጢር እነግርሃለሁ ይላል፤ ሁለተኛው ሥራ እሰጥሃለሁ ይላል።

ስለ ተገኘ መጽሐፍ ከሁሉ የሚበልጠው ታሪክ ግን በ2 ነገሥት ምዕራፍ 22 ይገኛል። ንጉሥ ኢዮስያስ በነገሠ በ18ኛው ዓመት ቤተ መቅደሱ ሲታደስ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘና ለጸሐፊው ለሳፋን ሰጠው፤ ሳፋንም በንጉሡ ፊት አነበበው። መጽሐፉ የጠፋው በሩቅ አገር ወይም በዋሻ አልነበረም፤ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ፣ ካህናቱ በየቀኑ በሚመላለሱበት ስፍራ ነበር። ንጉሡ በሰማ ጊዜ ማን ደበቀው? ብሎ አልመረመረም። የመጽሐፉም ዕድሜ ወይም የብራናው ውበት አላስደነቀውም። ልብሱን ቀደደ፤ አባቶቻችን ይህን አልሰሙም ብሎ አለቀሰ፤ ወደ ነቢይቱ ወደ ሕልዳና ልኮ ስለ ራሱና ስለ ሕዝቡ ጠየቀ።

ሃያ ዓመት ያህል አለፈ። በኤርምያስ ምዕራፍ 36 እንደምናነበው፣ በዚያው ከተማ የኢዮስያስ ልጅ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ በእሳት ፊት ተቀምጦ ነበር። ባሮክ ከኤርምያስ አፍ የጻፈው ጥቅልል ይነበብለት ጀመር። ሦስት ወይም አራት ዓምድ ሲነበብ በካራ እየቀደደ ወደ ምድጃው ጣለው፤ ክርታሱም ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ነደደ። እርሱና ባሪያዎቹ ግን አልፈሩም፤ ልብሳቸውንም አልቀደዱም ተብሎ ተጽፎአል። አባቱ ልብሱን እንደ ቀደደ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ስለ ምን እንደ ተጻፈ ያስተውላል። በዚያ ክፍል ከነበሩት መካከል ጥቅልሉ እንዳይቃጠል ንጉሡን የለመኑ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ገማርያ ነው፤ የሳፋን ልጅ። አባቱ ለኢዮስያስ ያነበበው ያ ሳፋን ነው። ንጉሡ አልሰማውም።

ኤርምያስ ግን ሌላ ክርታስ ወስዶ ለባሮክ ሰጠው፤ ባሮክም ኤርምያስ እየነገረው እንደ ገና ከመጀመሪያው ጻፈ፤ እንደ ቀድሞው ያለ ብዙ ቃልም ተጨመረበት።